ጋቢ ለመመለስ ወደ ሊማሊሞ

ቁልቁለት የሚፈራ ሰው ዝዋይ ይኑር። ከሐይቁ እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ አስፋልቱ፣ ውሃ እንኳ ወዴት እንደሚፈስ ግራ የሚገባው ሜዳ ነው። እኔ ባሌ ግርማ ከሞተ ወዲህ ከስፌት መኪናዬ ጋር ተቀምጬ ከዚህ ሜዳ አልወጣሁም። ለምን ሲሉኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ውሸቴን ነው። መኪና ቁልቁል መውረድ ሲጀምር እግሬ ወለሉን ይረግጣል፣ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ከዚያ አስቁሙልኝ ብዬ መጮህ ነው። አንዴ ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ቁልቁለት ለመባል በማይበቃ ቦታ ላይ ጮኼ ሙሉ አውቶቡስ አስቁሜአለሁ። ከዚያ ወዲያ የዕድራችን ሴቶች ሩቅ ለቅሶ ሲሄዱ እኔን ቤት ጠባቂ ያደርጉኝ ጀመር።

ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። አንዳቸውም ደባርቅን አያዩትም፣ የሚሄዱበትም ጉዳይ የላቸውም። ግን ከተመለስኩ ጀምሮ በየተራ እየመጡ ያስወሩኛል፣ አፌ ደከመ። አንዴ ልጻፈውና እየተቀባበሉ ያንብቡት።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ፦ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ከግርማ ጋር ለዘመድ ሠርግ ወደ ሽሬ ስንሄድ፣ ከደባርቅ አለፍ ብሎ ሊማሊሞ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ መኪናችን ከመንገድ ወጣ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበር። ግርማ እዚያው ሞተ። እኔን የታችኛው መንደር ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ላይ አወጡኝ። ከዚያ በጭነት መኪና ደባርቅ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ከቃሬዛው ላይ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቄስ ከጎኔ እየሮጡ የክርስትና ስሜን ደጋግመው ይጠይቁኝ ነበር፣ የባሌንም። ነገርኳቸው። ስነቃ ሆስፒታል ነበርኩ፣ ላዬ ላይ የማላውቀው ጋቢ ነበር።

ጋቢውን አጥቤ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ልብስ ሰፊ ነኝና ጨርቅ አውቃለሁ። በእጅ የተፈተለ፣ ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ፣ ጥለቱ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ያለው የደህና ሰው ጋቢ ነው። የአንድ ሰው መኝታ ልብስ ይዤ መቅረቴ ይከነክነኝ ነበር። ጦርነቱ መጣና መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈትም እኔ ሌላ ሰበብ አላጣሁም።

ሰበቡን ያሳጣችኝ ልጄ ሜሮን ናት። ሸዋ ሮቢት ተድራ አምና ሴት ልጅ ወለደች። ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ጣርማ በርን መውረድ ግድ ነው። አራስ ልጇን ያልጠየቀች እናት ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። እኔም ተብያለሁ። ሜሮን ግን አልወቀሰችኝም፤ አንድ ቀን በስልክ «እማዬ፣ ልጅቷ ጥርስ አበቀለች» አለችኝ። ያን ዕለት ቆረጥኩ። ያንን ሊማሊሞን ከወረድኩ ጣርማ በር አያቅተኝም። ካልወረድኩም የልጅ ልጄን በስልክ እያየሁ መሞቴን ልወቀው። ጋቢውንም በዚያው ለባለቤቱ እመልሳለሁ። የግርማ ወንድሞች ሙት ዓመቱን ትታ የት ልትሄድ ነው ብለው አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ተነሳሁ። ዝዋይ አዲስ አበባ ሜዳ ነው ባይባልም ያስኬዳል። እኔም መሐል ወንበር ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ደረስኩ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና የማይታሰብ ነው፣ የዓባይ በረሃ አለ። ስለዚህ ረቡዕ በአውሮፕላን ሄድኩ። ብልጠቴ አስደስቶኝ ነበር። ለካ አውሮፕላንም ቁልቁለት አለው! ማረፊያው ሲቃረብ የሆነውን ለመናገር አፍራለሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ክንዱን ሰጠኝና ጎንደር እስክንደርስ እንደ ዳቦ ሊጥ አሸሁት። ስንወርድ ክንዱን እያሻሸ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ገባን አለኝ።

ጎንደር ያደርኩበት ሆቴል ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ ውሃ ግን የለም። እንግዳ ተቀባይዋ ራሷ ባልዲ ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። እኛ ጋ ቢሆን ውሃ ነገ ይመጣል ተብሎ ነገም አይመጣም ነበር። ለእራት ዓሣ አለ ብለው ዓሣ አመጡልኝ። ከጣና የመጣ ነው አሉኝ። የዝዋይ ሰው ፊት ዓሣ ማቅረብ ድፍረት ነው፣ ግን በላሁት፣ አይከፋም።

ሐሙስ ከጎንደር ደባርቅ በሚኒባስ። መንገዱ ወደ ላይ ነው የሚበዛው፣ ለኔ ተስማማኝ። ዳገት ችግር የለብኝም፤ መኪና ሲያቃስት እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ጋቢውን ከፌስታሉ አውጥቶ አራገፈው፣ አየው፣ እሱ ራሱ አሳምሮ አጥፎ መለሰልኝ። ብርዱን ግን አላወራም። የኛ አገር ሰው ኅዳር ላይ ሲበርደው ሹራብ ይደርባል፤ እዚህ ቀን በፀሐይ ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

ዳባት ስንገባ ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሹፌሩ ጎማውን እያንከባለለ ሲሄድ እኛ አንዲት ሴት ቤት ደጃፍ ተደረደርን። ሴትዮዋ ማን እንደሆንን ሳትጠይቅ የተቀቀለ ድንች በሳፋ አምጥታ መሐላችን አስቀመጠች፣ ሚጥሚጣም አስከተለች። እኔ ከኪሴ ገንዘብ ሳወጣ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው እጄን ነካ አደረጉኝ፣ ተይው ለማለት። ከዚያ አተኩረው አይተው ከእስራኤል ነሽ ወይ አሉኝ። ከዝዋይ ነኝ አልኳቸው። ከዚህ አካባቢ የሄዱ ቤተ እስራኤሎች አልፎ አልፎ እየመጡ የተወለዱበትን ቦታ ይፈልጋሉ፣ እንዳንቺው ፌስታል አቅፈው ዙሪያውን ያያሉ አሉኝ። የሳቸው የልጅነት ጓደኛም መጥቶ የአባቱን ማሳ ሲያገኘው ገብስ ተዘርቶበት ነበር። ምን አደረገ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሸት ቀጥፎ በላና ደህና አርሳችሁታል ብሎ ሄደ አሉኝ። ድንቹ እጅግ ጣፋጭ ነበር።

ደባርቅ ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ጥሩወርቅ ትባላለች። ከሜሮን ብዙ አትበልጥም፤ ፈጣን፣ ወፍራም ሹራብ የማይለያት፣ ለሁሉም ነገር መፍትሔ ያላት ሴት ናት። ሙቅ ውሃ በጀሪካን አድርጋ እግርሽ ሥር አስገቢው አለችኝ፤ እንዲህ ያለ ብልሃት ዝዋይ አያስፈልግም እንጂ ዕውቀት ነው። የመጣሁበትን ነገርኳት። ደረት አልመታችም፣ ከንፈርም አልመጠጠችም። ጦርነቱ ደባርቅ ደጃፍ ሲደርስ እሷም ልጆቿን ይዛ ወጥታ ነበር። አሁንም በር በኃይል ሲዘጋ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች፤ አንዴ የእንግዳ ምሳ ከነትሪው ደፍታለች። እንዴት አለፈልሽ አልኳት። አላለፈም አለች። በጠዋት እኔም እነሳለሁ እሱም ይነሳል፣ አብረን ሥራ እንውላለን አለችኝ። ሐኪሞቹ ያሉኝን ሁሉ ሳስብ ይህን የመሰለ አላገኘሁም።

ዓርብ ሞከርኩ። ወደ አዲ አርቃይ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መሐል ወንበር ገባሁ፣ ጋቢውን አቀፍኩ። ከከተማው ወጣን፣ ሜዳው ቀጠለ፣ ደህና ነኝ አልኩ። ከዚያ ሜዳው በአንድ ጊዜ አለቀ። እኛ ጋ መሬት እንዲህ አያልቅም። መኪናው አፍንጫውን ወደ ታች ሲያደርግ ጮኽኩ። ሹፌሩ አቆመ። ተሳፋሪዎቹ ዕብድ ናት አላሉም፤ ሊማሊሞ ላይ የጮኸች የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም መሰል። አንዲት ሴት ወርዳ ፊቴን በሃይላንድ ውሃ አጠበችልኝ፣ ሹፌሩም የከፈልሽው ለተመለስሽ ጊዜ ይሁን ብሎ ሄደ። ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ታች ያለውን ሰንሰለት ተራራ ሰዎች ከባሕር ማዶ ሊያዩት ይመጣሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። አፈርኩ፣ በራሴም ተናደድኩ። የልጅ ልጄን ፊት እንደማላይ በዚያች ሰዓት አመንኩ።

ጭድ የጫነ አይሱዙ ወደ ደባርቅ መለሰኝ። ጥሩወርቅ ስታየኝ ሽሮ አቀረበችልኝ። በልቼ ስጨርስ፣ ነገ ሚካኤል ነው፣ በእግር እንወርዳለን አለች። ከጥንት ሰዉ የሚወርድበት የእግር መንገድ አለ፣ አስፋልቱን እየቆረጠ የሚሄድ። በእግር መውረድስ ትፈሪያለሽ ወይ አለችኝ። አስቤው አላውቅም ነበር፤ ዝዋይ ውስጥ በእግር የሚወረድ ነገር የለም።

ቅዳሜ ማለዳ ፔንሲዮኑን ለእህቷ ትታ አብራኝ ወጣች። መውረዱን ጉልበቴ ጠላው እንጂ እኔስ አልፈራሁትም። እግር መሬት ላይ ሲያርፍ ሌላ ነው፤ ቁም ሲሉት ይቆማል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር እየነጩ አየት አድርገው ተዉን። ግማሽ ላይ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። መርፌና ክር ከኪሴ አይጠፋም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰፋሁት። መርፌው ጎማውን አልበሳ ብሎ ጥሩወርቅ በድንጋይ እየመታች አሳለፈችልኝ። ስፌቱ ያስቃል፣ ግን ዝዋይ ድረስ አድርሶኛል።

አስፋልቱን እንደገና ስንቆርጥ ኩርባው ላይ ደረስን። እኔ አላወቅሁትም ነበር። ያወቅሁት ከመንገዱ ዳር ባለችው ትንሽ የድንጋይ ክምር ነው። ሰው የሞተበት ቦታ ላይ መንገደኛ ድንጋይ ይጨምራል አለችኝ ጥሩወርቅና አንድ አንስታ ጨመረች። እኔም ጨመርኩ። ስንት ዓመት በሕልሜ የማየው ቦታ ይህ ነው፤ እዚህ ስደርስ ራሴን ስቼ የምወድቅ ይመስለኝ ነበር። ሣር በቅሎበታል። ያሰብኩት ስለ ጫማዬ ነው፣ ይድረስ ይሆን ብዬ። ግርማ ቢሰማኝ ይስቅ ነበር።

ከኩርባው ሥር ያለችው መንደር ገባን። የመንደሯን ስም ለራሴ ላስቀረው። ከላይ ከደባርቅ ጋር ሲተያይ ሌላ አገር ነው፤ ሙቀት አለ፣ ማሽላ አለ፣ ሹራቤን አውልቄ ክንዴ ላይ አደረግሁ፣ የዝዋይ አየር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጥሩወርቅ ያኔ በቃሬዛ ስለተሸከሙኝ ሰዎች ልትጠይቅልኝ አፏን ስትከፍት፣ አስተናጋጆቹ ቀድመው ግቡ ግቡ አሉን። በሚካኤል ዕለት ዝክር ቤት ደጃፍ ላይ እንግዳ አቁሞ መጠየቅ ነውር ነው። ገባን። ዳቦ ተቆረሰልን፣ ጠላ ተቀዳልን። እኔም ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩምና በደንብ በላሁ።

ከጎኔ ያሉት ሴት ወሬኛ ነበሩ፣ እግዜር ይስጣቸው። የማን ዝክር ነው አልኳቸው። ዝክርም ተዝካርም ነው አሉኝ። የቤቱ ባለቤት እማማ አያልነሽ በዚህ ዕለት በመኪና ለሞቱ ባልና ሚስት እንግዶች ነው በየዓመቱ የሚደግሱት። ዘመዶቻቸው ናቸው ወይ አልኩ። ኧረ ምናቸውም አይደሉም፣ አገራቸውም አይታወቅም አሉ። ሰውየው እዚያው ላይ ሞተ፣ ሴቲቱን መንደሩ በቃሬዛ አወጣት፣ ግን ጎንደር ሳትደርስ አረፈች፤ የጭነት መኪናው ሹፌር በሚቀጥለው ገበያ አርድቷቸዋል። እንዴት ያለች መልካም ሴት ነበረች መሰለሽ፣ ቃሬዛው ላይ ሆና መንደሩን በሙሉ መርቃ ነው የሄደችው አሉኝ።

እኔ ማንንም አልመረቅሁም። እጄ ላይ ያለውን ዳቦ አየሁት። የማደርገውን ስላላወቅሁ ጎረስኩት።

በዚህ መሐል ቄሱ ተነሡ። ሸብተዋል እንጂ ድምፃቸውን ወዲያው አወቅሁት፤ በቃሬዛው ጎን የሮጠው ድምፅ ነው። ሰዉም አብሮ ተነሣ። «ስለ ወልደ ገብርኤል፣ ስለ ወለተ ሐና ነፍስ፣ አቡነ ዘበሰማያት በሉ» አሉ። ቤቱ ሙሉ አቡነ ዘበሰማያት አለ። እኔም አልኩ። ለባሌና ለራሴ ነፍስ እስከ ግማሹ ጸልዬ አፌ ቆመ። ጥሩወርቅ አስቴር እያለች ነው የምታውቀኝ፤ ምንም አልገባትም፣ አሞኝ መስሏት ወገቤን ያዘችኝ። ጸሎቱ አለቀ፣ ነፍስ ይማር ተባለ፣ ሰዉ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጋቢውን ከፌስታሉ አውጥቼ ዘረጋሁት።

እማማ አያልነሽ ከጓዳ በር ላይ አዩት። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ላይ ትንሽ ስልክ በክር ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። መጥተው ጥለቱን በሁለት ጣታቸው ያዙ፣ ገለበጡት፣ ክሩን ዳበሱት።

«ይሄ የኔ ፈትል ነው» አሉ። «ከየት አመጣሽው?»

«ለብሼው ሄጄ ነው፣ እማማ። ወለተ ሐና እኔ ነኝ።»

 አንድ ሰው አማተበ፣ ሌላውም ተከተለ። ወሬኛዋ ሴት የተቀመጡበትን ይዘው ሸሸት አሉ፤ ከፊቴ ያለውንም ዳቦ ቀስ ብለው ሳቡት። ጥሩወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቄሱ፣ ቄስ ምስጋናው የሚባሉት፣ ቀርበው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ቆዩ። እውነት ሥጋ መሆኔን የሚያረጋግጡ ይመስል ነበር። ጎንደርም ሌላም ሆስፒታል እንደተኛሁ፣ ሹፌሩ የሰማው የሌላ ሴት ሞት ሳይሆን እንደማይቀር፣ ከዚያ ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ እንደተዘጋ ነገርኳቸው። ሰውም ቀስ በቀስ ተነፈሰ። ከወንዶቹ አንዱ የቃሬዛውን የኋላ እግር የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ ከብደሽን ነበር አለኝ። ቃሬዛው አሁንም ዳሱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዳገቱ ካቃተሽ እንደገና እናወጣሻለን ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ፣ ሰው ፊት ካለቀስኩ ስንት ዘመኔ ነው። ማንም ዝም በይ አላለኝም።

እማማ አያልነሽ ጋቢውን እንደያዙ ቆመው ነበር። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ጠላየን የጠመቅሁት ለማን ነው?» አሉ ቄሱን።

ቄስ ምስጋናውም፣ ግማሹ ለባልየው ደርሷል፣ ግማሹን ደግሞ ይኸው ራሷ መጥታ እየጠጣችው ነው አሉ።

ይቅር፣ ላንቺ ይሁን ይሉኛል ብዬ ነበር ስለ ጋቢው። እንዲቀበሉኝ የምለምንበትን ንግግርም በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። እማማ አያልነሽ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት፣ አጣፉትና «ሞተሽ ቢሆን ላንች በተውሁት» አሉኝ። «ካለሽማ ጋቢየ ነው። ስንት ክረምት በርዶኛል መሰለሽ።»

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲበተን ጥሩወርቅ በመኪና ወደ ደባርቅ ወጣች፣ እኔን እማማ አያልነሽ አስቀሩኝ። የራሳቸውን መደብ ለቀቁልኝ። ዝዋይ ትንኝ ነው፣ እዚህ ቁንጫ ነው፤ ይሻላል የሚባለውን መምረጥ አልቻልኩም። ማሽላ እየለቀምን ሳለ ስለ ስልኩ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ደሳለኝ በጦርነቱ ጊዜ ሄዶ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገራቸው የለም፣ በሕይወት አለ ያላቸውም የለም። የሚያውቀው ይህን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ስልኩን ከአንገታቸው አያወልቁም። ጎረቤቱ ተዝካሩን አውጪለት፣ ነፍሱ ትረፍ እያለ ይነዘንዛቸዋል። እሳቸው እምቢ ብለዋል። እሱን እምቢ ብለው ለማያውቁት ሰው በየዓመቱ መደገሳቸው ገርሞኝ ለምን አልኳቸው።

ማሽላውን መልቀም አላቆሙም። «ልጄ በሰው ደጅ ወድቆ ከሆነ» አሉ፣ «እኔ ላንች እንዳረግሁት አንዷ እናት ታደርግለት ይሆናል ብየ ነዋ። ብድር ነው። አሁን ግን አንች ተነሥተሽ መጣሽ። ምን ላስብ? ንገሪኝ እስቲ።»

ምን እላቸዋለሁ? ይመጣል ብል ማን ነግሮኝ፤ አይመጣም ብል እኔው በቁሜ ፊታቸው ተቀምጬ። አላውቅም እማማ አልኳቸው። አላውቅም ማለቴ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው ተዉት። ያን ሁሉ ዓመት የተረፍኩት ለምን ነው እያልኩ ራሴን ስበላ ኖሬአለሁ። እዚያች መደብ ላይ መልሱን አላገኘሁም። ግን ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰለቸኝ።

እሑድ ቅዳሴ ሄድን። ቄስ ምስጋናው ከመግባታቸው በፊት ጠርተውኝ ስምሽን ከሙታን ጸሎት አውጥቼዋለሁ አሉኝ። የት ላግባሽ ብለው ሲያስቡ አድረዋል። ከድውያን ጋር እንዳላገባሽ ድነሻል አሉኝ። እኔ አልዳንኩም አልኳቸው፣ ዓርብ ዕለት የጮኽኩትንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲያው ከነጋድያን ጋር ነሽ አሉኝ። ነጋድያን ማለት መንገደኞች ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በመንገድ ላሉት ሁሉ የምትጸልየው ጸሎት አለ።

ጸሎቱ ሲደርስ ጆሮዬን አቆምኩ። በመጀመሪያ ገብረ ሕይወት የሚል ስም ተጠራ። እማማ አያልነሽ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። የደሳለኝ የክርስትና ስም ነው፤ እሳቸው ከሙታን ጋር አይጠራብኝ ብለው ከመንገደኞች ጋር ያስጠሩታል። ቀጥሎ ወለተ ሐና ተባለ።

በዚያው ቀን በአይሱዙ ወደ ደባርቅ ወጣሁ፣ ዳገት ስለሆነ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስንሰነባበት እማማ አያልነሽ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅሽ ቤት የደረስሽ ዕለት ደውይልኝ አሉኝ። ጥሩወርቅ ለመንገድ የገብስ ዳቦ ሸከፈችልኝና ሰኞ ዓይኔን ጨፍኜ ጎንደር ወረድኩ። ዝዋይ ገብቼ ልብሴን ሳጥብ የቁንጫ ንክሻ ገና ያሳክከኝ ነበር።

ከዚያ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቼ ጣርማ በር ሄድኩ። ጀግና ሆንኩ እንዳትሉ። የመንገዱን ዋሻ ስናልፍ እግሬ ወለሉን ረገጠ፣ ጆሮዬም ተደፈነ። እንደ ጥሩወርቅ፣ እሱም መጣ እኔም መጣሁ። አስቁሙልኝ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ የክርስትና ስሜን ደጋግሜ በልቤ ጠራሁ፣ ከፊቱም የእማማ አያልነሽን ልጅ ስም። ደብረ ሲና ስንደርስ ከጎኔ ያለችው ሴት ክንዷን እያሻሸች ነበር፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። አልጮኽኩም ግን።

የልጅ ልጄ አራት ጥርስ አላት። አንዱን ጣቴ ላይ ሞከረችው። እሷን ታቅፌ ቆሜ ነው የደወልኩት። ስልኩ ገና መጥራት ሳይጀምር ተነሣ።

«ማነው? ማነው?» አሉ እማማ አያልነሽ። በዚያ ድምፅ የጠበቁት እኔን አልነበረም።

«ወለተ ሐና ነኝ፣ እማማ። ደረስኩ።»

 ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ልጅቷ ስልኩን ልትቀማኝ እጇን ትዘረጋለች።

«እሰይ» አሉ በመጨረሻ። «አንዷ ደረሰች።»